ስለ መጀመሪያይቱ ሴት አፈጣጠር፤ ለባልና ለሚስት የሚሆን ምክር

አንባቢ ሆይ፤

ገብስና እንሰት በሚበቅልበት፥ ብርዱም በሚጠነክርበት በቦሬ ደጋ የምትኖር ብትሆን፥ ወይም ከዚያ ወደ ክብረ መንግሥትና ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ወርደህ በቆላው ከተማ የምትነግድ ብትሆን፥ ወይም ከብትህን እየነዳህ በቦረና ሜዳ ውኃ የምትፈልግ ብትሆን፥ ይህች ትንሽ ጽሑፍ ለአንተ ናት። ሚስት ብትሆኚም ለአንቺ ናት። ገና ያላገባችሁ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ስለምትገቡበት ቤት ትናገራለችና ለእናንተም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሚስቱን የሚይዝበት አያያዝ የሚመጣው፥ ሴት ከምን እንደ ተፈጠረችና ስለ ምን እንደ ተፈጠረች በልቡ ካመነው ነገር ነው። ሴት ለሥራ ብቻ የተሰጠች ናት ብሎ ያመነ ሰው እንደ በሬ ይጠምዳታል። ጠማማ አጥንት ናትና ያለ ዱላ አትቀናም ብሎ ያመነ ሰው ዱላውን ከአጠገቡ አያርቅም። የራሴ ጎን ናት ብሎ ያመነ ሰው ግን ራሱን እንደሚጠብቅ ይጠብቃታል። ስለዚህ የምናምነው ነገር ከእግዚአብሔር ቃል የመጣ ነው ወይስ ከሰው ተረት ብለን መመርመር ይገባናል፤ በልብ ያደረ ስሕተት በቤት ውስጥ ልቅሶ ሆኖ ይወጣልና።

1. ቅዱስ መጽሐፍ የሚናገረው

በኦሪት ዘፍጥረት የሴት አፈጣጠር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በ27ኛው ቍጥር እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ እንደ ፈጠረ፥ ወንድና ሴትም አድርጎ እንደ ፈጠራቸው እናነባለን። በዚህ ስፍራ ማን እንደ ቀደመና ማን እንደ ተከተለ አልተነገረም። የእግዚአብሔር መልክ ለሁለቱም ተሰጠ፤ በሚከተለውም ቍጥር በረከቱና ምድርን የመግዛቱ ሥልጣን ለአዳም ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም ተሰጠ።

በሁለተኛው ምዕራፍ ግን ነገሩ በዝርዝር ይተረካል። እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ በገነት አኖረው። እስከዚያ ድረስ ስለ ፍጥረት ሁሉ መልካም መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ አሁን ግን መልካም ያልሆነ አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀሰ፤ ይኸውም የሰው ብቻውን መሆን ነው። አራዊትና ወፎች ሁሉ ወደ አዳም መጡ፤ ለእያንዳንዱም ስም አወጣለት፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል እርሱን የሚመስል ረዳት አልተገኘም። አስተውል፤ ከብት ቢበዛ የሰውን ብቸኝነት አያስወግድም። መቶ ላም ያለው ሰው፥ የልቡን የሚያካፍለው ከሌለ፥ በእንስሳት መካከል እንደ ቆመው እንደ አዳም ብቸኛ ነው። ከዚህም በኋላ እግዚአብሔር በአዳም ላይ ከባድ እንቅልፍ ጣለበት፤ ከጎኑም ወስዶ ሴትን ሠራ፤ ወደ እርሱም አመጣት። አዳምም ባያት ጊዜ የራሱ አጥንትና የራሱ ሥጋ መሆንዋን ዐወቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውላቸው የሚገቡ ቃላት አሉ። መጀመሪያው በዕብራይስጥ ጼላዕ የሚባለው ነው። ይህ ቃል የጎን አጥንት ተብሎ ይተረጐማል፤ ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት 25፥12 የታቦቱ ጎን፥ በ26፥20ም የማደሪያው ድንኳን ጎን የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። በግእዝም ገቦ ማለት ጎን ማለት ነው። እንግዲህ ሴት ከሰው የተረፈች ቍራጭ አይደለችም፤ የሰው አንዱ ጎን ናት። የቤት አንዱ ጎን ከወደቀ ሌላው ጎን ብቻውን ጣሪያ ሊሸከም አይችልም።

ሁለተኛው ቃል ረዳት የሚለው ነው። ዛሬ ረዳት ሲባል በልባችን የሚመጣው ሾፌሩ የሚያዝዘው፥ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ የመኪና ረዳት ነው። ስለዚህ ብዙ ባሎች ሚስት ረዳት ናት የሚለውን ሲሰሙ፥ እኔ ሾፌር ነኝ፥ እርስዋ ጭነት ታውርድ ይላሉ። በዕብራይስጥ የተጻፈው ዔዜር የሚለው ቃል ግን እንዲህ ዝቅ ያለ አይደለም። ሙሴ ሁለተኛውን ልጁን አልዓዛር ብሎ የሰየመው የአባቱ አምላክ ረዳቱ ስለ ሆነ ነው፤ በዘጸአት 18፥4 ያለው ቃል ይኸው ነው። በመዝሙረ ዳዊትም በ121ኛው፥ በግእዙ ቍጥር በ120ኛው መዝሙር፥ ዐይኖቹን ወደ ተራሮች ያነሣው ሰው ረዳቱ ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደሚመጣ ሲመሰክር የተናገረው በዚሁ ቃል ነው። እግዚአብሔር ለሰው ረዳት መባሉ የሰው ሎሌ ካላደረገው፥ ሴትም ረዳት መባልዋ ሎሌ አያደርጋትም። ረዳት ማለት፥ ያለ እርስዋ ሰውየው ሊቆም የማይችል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቃል ከረዳት ጋር የተጻፈው ኬኔግዶ የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም በፊቱ ትይዩ የምትቆም፥ ለእርሱ የምትመጥን ማለት ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ፊትን ያያል፤ እውነትንም ይናገራል። ባል ሲሳሳት ተሳስተሃል የምትለው ሚስት ከተፈጠረችበት ነገር አልወጣችም፤ የተፈጠረችለትን ሥራ ትሠራለች።

በዚህ ላይ ሌላም የተለመደ ወሬ አለ። ወንድ ከሴት አንድ የጎን አጥንት ይጎድለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ እውነት አይደለም። ወንድም ሴትም በቀኝ 12 በግራ 12፥ በጠቅላላው 24 የጎን አጥንት አላቸው። አንድርያስ ቬሳልዮስ የሚባል ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1543 ስለ ሰው አካል ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስረድቷል። እግዚአብሔር ከአዳም የወሰደው አዳምን ጎዶሎ ለማድረግ አልነበረም፤ እንዲያውም የጎደለውን ለመሙላት ነበር።

2. የአይሁድ መምህራን የተረኩት

የአይሁድ መምህራን ይህን ክፍል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲመረምሩ ኖረዋል። ትርጓሜአቸውና ተረታቸው በረሺት ራባ በሚባለው የዘፍጥረት ትርጓሜና ታልሙድ በሚባለው ታላቅ መጽሐፍ ተሰብስቧል። ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብለን አንቀበለውም፤ ነገር ግን ጥበብ ያለበትን ነገር ከየትም ቢመጣ መስማት መልካም ነው።

ራቢ ሳሙኤል ባር ናህማን የሚባለው መምህር እንዲህ ብሎ አስተማረ። እግዚአብሔር መጀመሪያ ሰውን በፈጠረው ጊዜ ባለ ሁለት ፊት አድርጎ፥ ወንዱን በአንድ ወገን ሴቲቱን በሌላው ወገን አያይዞ ፈጠረው፤ በኋላም ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጀርባ አበጀለት። ሌሎች መምህራን ከጎን አጥንት ተሠራች ተብሎ የለምን ብለው በተቃወሙት ጊዜ፥ ከላይ ያየነውን የድንኳኑን ጎን ምስክር አድርጎ መለሰላቸው። ተረቱን ብትቀበለውም ባትቀበለውም ትምህርቱን ያዝ፤ ሁለቱ ከመጀመሪያ አንድ ነበሩ፤ ጀርባቸውም የተለያየው ፊት ለፊት እንዲተያዩ ነው።

በታልሙድ ደግሞ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ራባን ገማልያል የተነገረ ታሪክ አለ። ንጉሡ በመምህሩ ላይ እየዘበተ፥ አምላካችሁ ሌባ ነው፤ አዳም ተኝቶ ሳለ አጥንቱን ሰረቀው አለ። መልሱን የሰጠችው ግን አንዲት ልጅ ናት። ሌሊት ሌቦች ወደ ቤታችን ገቡ፤ የብሩን ማሰሮ ወስደው የወርቁን ትተው ሄዱ ብላ ነገረችው። ንጉሡም እንዲህ ያለ ሌባ በየቀኑ ምነው በመጣልኝ ባለ ጊዜ፥ ለአዳምስ አንዲት አጥንት ተወስዳ ሚስት መሰጠትዋ መልካም አልነበረምን ብላ አሳፈረችው። ወዳጄ ሆይ፥ በትዳርህ ያጣኸውን ብቻ የምትቈጥር ብትሆን፥ የተወሰደብህን ብር ቈጥረህ የተተወልህን ወርቅ የረሳህ እንዳትሆን ተጠንቀቅ።

ሌላው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልብን ይነካል። እግዚአብሔር ሴትን ወደ አዳም ከማምጣቱ በፊት ጠጕርዋን ሹሩባ ሠርቶ አስጌጣት፤ እርሱ ራሱም ለአዳም ሚዜ ሆነለት ይላሉ መምህራኑ። ምሳሌ ነው፤ እግዚአብሔር እንደ ሰው እጅ የለውም። ነገር ግን ሙሽራይቱን ማን አመጣት? የሰውን ሙሽራ ሰዎች ያመጡአታል፤ ሽማግሌ ይላካል፥ ጥሎሽ ይቈጠራል፥ ሚዜ ይሰለፋል። ሔዋንን ግን ያመጣት እግዚአብሔር ነው። እንግዲህ ሚስቱን የሚያዋርድ ሰው ያዋረደው እርስዋን ብቻ አይደለም፤ አስጊጦ ያመጣለትንም ሚዜ ነው።

ደግሞም ራቢ ዮሴ ነቢዩ ኤልያስን አግኝቶ፥ ሴት ወንድን የምትረዳው በምንድር ነው ብሎ እንደ ጠየቀው ይተርካሉ። ኤልያስም፥ ሰው ስንዴ ያመጣል፤ ስንዴውን እንዲሁ ያኝከዋልን? ተልባ ያመጣል፤ ተልባውን እንዲሁ ይለብሰዋልን? እንግዲህ ዐይኑን የምታበራለትና በእግሩ የምታቆመው እርስዋ አይደለችምን? ብሎ መለሰለት ይላሉ። የቦሬ ሰው ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ገብሱን ከማሳ አገባህ፤ ማን ቆላው፥ ማንስ ፈጨው? እንሰቱን ተከልህ፤ ማን ፋቀው፥ ማን ጨምቆ ጕድጓድ ቀበረው፥ ቆጮውንስ ማን ጋገረው? ላሚቱን ገዛህ፤ ወተቱን ማን ናጠው? በገበያ ቀን ትከሻህ ላይ ያለውን ነጭ ጋቢ ማን ፈተለው? ራስህን ቻልሁ የምትል ሰው ሆይ፥ ለአንድ ቀን ብቻ ይህን ሁሉ ራስህ አድርገህ ተመልከት።

ከመምህራኑ ነገር ሁሉ ግን መልካም ነው ማለት አይደለም። በዚሁ በበረሺት ራባ፥ እግዚአብሔር ሴትን እንዳትኰራ ከራስ፥ እንዳትቀላውጥ ከዐይን፥ ወሬ እንዳታዳምጥ ከጆሮ፥ እንዳታወራ ከአፍ፥ እንዳትቀና ከልብ አልፈጠራትም፤ ሆኖም ይህ ሁሉ ነቀፋ አልቀረላትም የሚል ቃል ይገኛል። ይህን የተናገረው ሰው ነው፤ የሰውንም ፌዝ የእግዚአብሔር ቃል አድርገን መያዝ አይገባንም። መኰራት፥ ወሬና ቅናት በወንድ ዘንድ የሉምን? ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት፥ ጴጥሮስ ሎምባርድ የሚባል የክርስቲያን መምህር ይህን ነገር ወደ በጎ መልሶ፥ ሴት እንዳትገዛው ከራሱ፥ ባሪያም እንዳትሆንለት ከእግሩ አልተወሰደችም፤ ባልንጀራው እንድትሆን ከጎኑ ተወሰደች ብሎ አስተማረ። ይህ ትምህርት ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል።

3. ስለ ሊሊትና ስለ ውርዝልያ

ከሔዋን በፊት ለአዳም ሌላ ሚስት ነበረችው የሚል ተረትም አለ። ይህ ነገር በኦሪት የለም። የተጻፈው የቤን ሲራ ፊደል በሚባል፥ ክርስቶስ ከተወለደ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ተረቱ እንዲህ ይላል። ሊሊት እንደ አዳም ከአፈር ተፈጠረች፤ እኩል ነንና ከበታችህ አልሆንም ብላ ከእርሱ ጋር ተጣላች፤ የእግዚአብሔርንም የተሰወረ ስም ጠርታ በአየር በረረች። ሰኖይ፥ ሰንሰኖይና ሰመንገሎፍ የተባሉ ሦስት መላእክት ቢከተሉአት፥ እኔ ሕፃናትን ለመጉዳት ተፈጥሬአለሁ፤ ነገር ግን የእናንተን ስም በክታብ ላይ ያየሁበትን ሕፃን አልነካም ብላ ማለች። በትንቢተ ኢሳይያስ 34፥14 ሊሊት የሚል ቃል በዕብራይስጡ ይገኛል፤ በዚያ ግን የተነገረው ስለ ባድማ ፍጥረት ነው እንጂ ስለ አዳም ሚስት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስትሰማ በአገራችን የምታውቀው ነገር አልመጣብህምን? በኢትዮጵያ በብራና ተጽፎ በአንገት የሚታሰር የሱስንዮስ ክታብ አለ። በእርሱም ውርዝልያ የምትባል ሴት ሕፃናትን እንደምትገድል፥ ሱስንዮስም በፈረስ ተቀምጦ በጦር እንደ ወጋት፥ እርስዋም ስሙ በሚገኝበት ስፍራ ላለመግባት እንደ ማለች ይተረካል። ሊቃውንትም የሁለቱ ተረት ሥር የተቀራረበ መሆኑን፥ የሱስንዮስም ስም ከሰንሰኖይ ስም ጋር መመሳሰሉን አስተውለዋል። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ፍርሃት በብዙ ልሳን ተነግሮ በእኛም እናቶች አንገት ላይ ታሥሮ ይገኛል።

ይህን ያነሣሁት በእናቶች ላይ ለመዘበት አይደለም። ሕፃንዋን የቀበረች ሴት ኀዘን ትልቅ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይደርስባት የምታደርገውን ሁሉ ታደርጋለች። ነገር ግን ሁለት ክፉ ነገር ከዚህ ተረት ይወጣል። አንደኛው፥ ለሕፃናት ሞት ምክንያቱ ሴት ናት የሚል አሳብ በሰው ልብ ይገባል፤ እናቲቱም በኀዘንዋ ላይ ሐሜት ይጨመርባታል። ሁለተኛው፥ እውነተኛው ጠላት ሳይታይ ያልፋል። አራስ ሕፃን የሚሞተው ያለ ጊዜው በመወለድ፥ በወሊድ ጊዜ በመታፈን፥ በሳንባ ምች፥ እትብቱ በቆሸሸ ምላጭ በመቈረጡ በሚመጣ መንጋጋ ቈልፍና በሌላም ተላላፊ ደዌ ነው። እንግዲህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት ትውሰድ፤ በጤና ጣቢያ ትውለድ፤ እትብቱ በንጹሕ ምላጭ ይቈረጥ፤ ሕፃኑ በደጋው ብርድ ከእናቱ ገላ ጋር ተጠግቶ ይሙቅ፤ የመጀመሪያውንም የጡት ወተት አትድፉበት። ትኵሳት ቢይዘው፥ ጡትም እንቢ ቢል፥ ያን ቀን ሳትዘገዩ ውሰዱት። ለክታብ የሚከፈለው ገንዘብ ለመንገድ ይሁን። ጸልዩ፤ እየጸለያችሁም ሂዱ።

4. ስለ አርባና ስለ ሰማንያ ቀን

በመጽሐፈ ኩፋሌ የሴት አፈጣጠር በሌላ መንገድ ተጽፏል። ይህ መጽሐፍ ከጥንት አይሁድ የወጣ ነው፤ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግን የግእዝ ቋንቋ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል የዕብራይስጡ ቍርጥራጭ ተገኝቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ እስራኤል እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቈጥሩታል።

ኩፋሌ በ3ኛው ምዕራፍ እንዲህ ይላል። አዳምና ሚስቱ የተፈጠሩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እርስዋ ግን በጎኑ ውስጥ ነበረችና ለእርሱ የታየችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። አዳምም በ40 ቀን፥ ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ። በኦሪት ዘሌዋውያን 12ኛ ምዕራፍ ስለ ወለደች ሴት የተጻፈው የቀን ቍጥርም ተደምሮ ለወንድ ልጅ 40 ለሴት ልጅ 80 ይሆናል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሴት ልጅም በ80 ቀንዋ የምትጠመቀው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ሴት ልጅ በእጥፍ የረከሰች ናት፥ ዋጋዋም ያነሰ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ኩፋሌ እንኳ ሔዋን ከአዳም ጋር በአንድ ሳምንት ተፈጠረች፤ ወደዚያችውም ገነት ገባች ይላል። ቀኑ ቢዘገይ ገነቱ ያው ነው። እንግዲህ ሴት ልጅ ተወለደች ሲሉህ ፊትህን የምታጠቍር አባት ሆይ፥ ለወንድ ልጅ የበዛው እልልታ ለሴት ልጅ ለምን ያንሳል? እግዚአብሔር የሰውን ብቸኝነት ያስወገደው ሴትን በመፍጠር አይደለምን?

5. ረዳት ምን እንደምታደርግ፤ አስቴር ጋኖ

ረዳት መሆን ታላቅ ሥራ መሆኑን የምታሳይ አንዲት ሴት ከአገራችን እጠቅስልሃለሁ። በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን የምታነብ ብትሆን በእጅዋ ድካም ትጠቀማለህ። አስቴር ጋኖ በልጅነትዋ በባርነት ተይዛ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ ኢጣልያኖች ነፃ አወጡአት። በምጽዋ አጠገብ በእምኵሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያም እርሱ ራሱ በልጅነቱ ተሽጦ የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕም ነበር፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአገሩ ርቆ ስለ ኖረ ቋንቋው ጎድሎበት ነበር። የጎደለውን የሞላችው አስቴር ናት። ቃላትን ሰበሰበች፥ የሕዝቡን ተረትና ዘፈንም ጻፈች፥ በትርጕሙም ረዳችው። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

እነሆ፥ ረዳት ማለት ይህ ነው። ከበላይ ሆኖ የሚታይ ሰው ሊያደርገው ያልቻለውን፥ ከጎኑ የቆመችው አደረገችው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረት በእርስዋ ላይ ቢሠራ ኖሮ፥ የሔዋን ታሪክ በዚያን ጊዜ በኦሮምኛ ባልተነበበም ነበር። ሴት ልጅህን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ያሰብህ ብትሆን ይህን አስብ።

6. እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

ወንድሜ ሆይ፥ ከአንተ ጋር በግልጽ ልነጋገር። እግዚአብሔር ገዢ አድርጎኛል፤ በዘፍጥረት 3፥16 ተጽፏል ትል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ቃል በየት ስፍራ እንደ ተጻፈ ተመልከት። የተጻፈው በፍጥረት ታሪክ አይደለም፤ ከውድቀት በኋላ ነው። በዚያው ስፍራ ለሴቲቱ የምጥ ሕመም፥ ለወንዱም እሾህና አሜከላ ተነግሯል። አንተ እሾኹን ከማሳህ ትነቅላለህ እንጂ ተጽፏልና ይብቀል ብለህ አትተወውም። በቤትህ የበቀለውንስ እሾህ ስለ ምን ታጠጣዋለህ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው በ5ኛው ምዕራፍ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንደ ገዛ ሥጋቸው እንዲወዱ፥ ክርስቶስም ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን እንደ ሰጠ እንዲሁ ራሳቸውን እንዲሰጡ ያዝዛል። በቈላስይስ 3፥19 መራራ እንዳይሆኑባቸው ይከለክላል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 11ኛ ምዕራፍም ሴት ከወንድ እንደ ተገኘች ከተናገረ በኋላ፥ ወንድም በሴት እንደሚወለድ፥ ሁሉም ግን ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ይጨምራል። ሚልክያስ በ2፥14 እግዚአብሔር በአንተና በልጅነትህ ሚስት መካከል ምስክር ሆኖ እንደሚቆም ይነግርሃል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ደግሞ በ1ኛ መልእክቱ በ3፥7 ባሎች ጸሎታቸው እንዳይከለከል ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ይመክራል። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አንብበው። ዝናብ ቀርቶ ከብት ሲያልቅ ወደ እግዚአብሔር ትጮኻለህ፤ ልጅህ ሲታመም ትጮኻለህ። ማታ ሚስቱን የመታ እጅ ጠዋት ለጸሎት ቢዘረጋ ማን ይቀበለዋል?

በዚህ ነገር የአባቶቻችን ልማድ እንኳ ይፈርድብናል። በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ልጃገረድ ስትዳር እናትዋ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ባል ሚስቱን ቢደበድብ፥ ይልቁንም አራስ ሳለች ቢነካት፥ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄአቸውን ይዘው ተሰብስበው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በደለኛው እስኪክስና ይቅርታ እስኪለምን ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህ ሥርዓት ከገዳ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ ገዳም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል። ባል ዱላ ሲይዝ ሙሽራይቱም በትር ይዛ እንድትገባ ያደረጉ አባቶችና እናቶች፥ የሴት ክብር ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ዐውቀዋል። ወንጌልን ሰማን የምንል እኛ ከዚህ ብናንስ እፍረታችን ትልቅ ነው።

የአገሩም ሕግ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለባልና ለሚስት እኩል መብት ሰጥቷል፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ሚስትን መደብደብን፥ ሴት ልጅን መግረዝን፥ ጠልፎ ማግባትንና ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርን በቅጣት ይከለክላል። ክርስቲያን ግን ቅጣትን ፈርቶ ብቻ ሊታዘዝ አይገባውም።

አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ስሚ። ዱላን ዝም ብሎ መሸከም ትዕግሥት ነው ብሎ ያስተማረሽ ሰው ቢኖር፥ ከቅዱስ መጽሐፍ አላስተማረሽም። ለሽማግሌ ንገሪ፤ ለቤተ ክርስቲያን ንገሪ፤ ነፍስሽም የሚያሰጋት ቢሆን ከቤት ውጪና ለሕግ ንገሪ። ይህን ማድረግሽ ትዳርን መናቅ አይደለም። ባልሽ መልካም ሰው ቢሆን ደግሞ አክብሪው፤ በምላስሽም አታቍስዪው፤ ከጎን የወጣ አጥንት ወደ ጎን ተመልሶ እንዳይወጋ። ሁለታችሁም በክርስቶስ ፍርሃት አንዳችሁ ለአንዳችሁ ተገዙ፤ ይህ በኤፌሶን 5፥21 የተጻፈው ለሁለቱም ነው።

ሽማግሌዎችና ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ተደብድባ ወደ እናንተ ስትመለስ፥ የትዳር ነገር ነው፥ ቻዪው ብላችሁ በዚያው ሌሊት አትመልሱአት። በመጀመሪያ ቍስልዋን እጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ባልዋን አስጠርታችሁ ጠይቁ።

7. ስለ ሁለተኛው አዳም

አሁን ነገሩን ልፈጽም። ዮሐንስ ወንጌላዊ በ19፥34 ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ጎኑ በጦር እንደ ተወጋ፥ ደምና ውኃም እንደ ወጣ ይመሰክራል። ይህ ጎን የተባለው ቃል በግሪኩ የዘፍጥረት መጽሐፍ ስለ አዳም ጎን ከተጻፈው ቃል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ዮሐንስ አፈ ወርቅና አውግስጢኖስ እንዲህ ብለው አስተማሩ፤ ከተኛው ከአዳም ጎን ሔዋን እንደ ወጣች፥ በሞት ከተኛው ከክርስቶስም ጎን ቤተ ክርስቲያን ወጣች።

አንባቢ ሆይ፥ የባልነት መለኪያው ይህ ነው። ክርስቶስ ሙሽራይቱን ለማግኘት ጎኑን አስወጋ፤ የእርስዋን ጎን አልወጋም። ደሙን ስለ እርስዋ አፈሰሰ፤ የእርስዋን ደም አላፈሰሰም። አንተም በስሙ ተጠምቄአለሁ የምትል ብትሆን ከዚህ የሚለይ ባልነት አልተሰጠህም። እስከ ዛሬ ሌላ መንገድ ሄደህ ከሆነ፥ ይህን ወረቀት ከማስቀመጥህ በፊት ቍረጥ። ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ዱላውን ወደ ምድጃው ጣለው፤ እሳቱን ለምታነድደው ሚስትህ ማገዶ ይሁናት። ከዚያም አጠገብዋ ተቀመጥ፤ የበደልሃትን በደል በስሙ ጥራው፤ ይቅር በይኝም በላት። አዳም በገነት የመጀመሪያውን ደስታ ያገኘው ሚስቱን ባየ ጊዜ እንደ ሆነ፥ አንተም ያን ጊዜ በቤትህ አዲስ ነገር ታያለህ።

ሰውን ብቻውን ያልተወ እግዚአብሔር፥ በቦሬ ደጋም በነገሌ ቆላም ያሉትን ቤቶች ሁሉ ይባርክ፤ ባልንና ሚስትንም ፊት ለፊት በሰላም እንዲተያዩ ያድርግ። አሜን።